ኦክቶፐስና የውኃ ተርብ፦ ሕግ ያወቀውና ሕግ ያላወቃት

ኦክቶፐስንና የውኃ ተርብን በአንድ ገጽ ላይ አስቀምጦ ማወዳደር መጀመሪያ ሲታይ ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። አንዱ በባሕር ወለል በድንጋይ ሥር ተሸጉጦ የሚኖር፣ አጥንት የሚባል ነገር የሌለው ለስላሳ እንስሳ ነው። ሌላዋ በኩሬና ዝናብ ባቆረው ውኃ ላይ የምታንዣብብ፣ ሔሊኮፕተር የምትመስል ባለ አራት ክንፍ በራሪ ናት። ሁለቱ በሕይወት ዘመናቸው አይገናኙም። የጋራ ቅድመ አያታቸውን የሚፈልግ ሰውም ከ550 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ተጉዞ አንዲት ትል መሰል ፍጥረት ዘንድ ለመድረስ ይገደዳል።

ይሁን እንጂ ባለፉት 30 ዓመታት በተለያዩ አገሮች የወጡ ሕጎችን ላገላበጠ ሰው ንጽጽሩ የሥነ ሕይወት ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል። ኦክቶፐስ በአውሮፓ ኅብረት፣ በብሪታንያና በሁለት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሕግ አውጪዎች ፊት ቀርቦ «ይህ እንስሳ ሕመም ይሰማዋል» የሚል ዕውቅና ወይም ከዚያ የመነጨ ጥበቃ አግኝቷል። የውኃ ተርብ ግን በእንስሳት ደኅንነት ሕግ ዓይን ገና የለችም። ልዩነቱ ከየት መጣ? መልሱን ለማግኘት ሁለቱን በቅርብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ኦክቶፐስ ሲባል ወደ 300 የሚጠጉ ዝርያዎች ያሉበት ወገን ነው። የውኃ ተርብና የቅርብ ዘመዶቿ ደግሞ ከ6,000 በላይ ዝርያዎች አሏቸው። ሁሉን በጅምላ ማወዳደር ስለማይቻል ይህ ጽሑፍ ከየወገኑ አንዳንድ ተወካይ መርጧል። ከኦክቶፐስ ወገን «ኦክቶፐስ ቩልጋሪስ» የተባለውን የተለመደውን ኦክቶፐስ፣ ከውኃ ተርብ ወገን ደግሞ «ፓንታላ ፍላቬሴንስ» የተባለችውን፣ ዓለምን በመዞር የምትታወቀውን ዝርያ።

ስምና ማንነት

ሁለቱ ሳይንሳዊ ስማቸውን ያገኙት በአንድ ዓመት ልዩነት ነው። ኦክቶፐስ ቩልጋሪስን በእ.ኤ.አ. 1797 የሰየመው ፈረንሳዊው ዦርዥ ኩቪዬ ሲሆን፣ ፓንታላ ፍላቬሴንስን በ1798 የገለጻት ዴንማርካዊው ዮሐን ክርስቲያን ፋብሪሲየስ ነው። ከዚያ ወዲህ የተጓዙበት መንገድ ግን ተቃራኒ ነው።

ኦክቶፐስ ቩልጋሪስ ለረጅም ጊዜ ከሜዲትራኒያን እስከ ብራዚልና እስከ ጃፓን የሚገኝ አንድ ዝርያ ተደርጎ ይታይ ነበር። የዘር ምርመራ እየረቀቀ ሲመጣ ግን አንድ የተባለው ብዙ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በምሥራቅ እስያ ያለው ኦክቶፐስ ሲኔንሲስ፣ በምዕራብ አትላንቲክ ያለው ኦክቶፐስ አሜሪካኑስ ተብለው ተለይተዋል። ዋናው ስም የቀረው በሜዲትራኒያንና በምሥራቅ አትላንቲክ ለሚኖረው ነው። በቀይ ባሕር ድንጋዮች መካከል የሚገኘው ኦክቶፐስ ሲያኒያም ሌላ ዝርያ ነው።

የፓንታላ ነገር በተገላቢጦሽ ነው። ከአንታርክቲካ በስተቀር በሁሉም አህጉር ትገኛለች፤ በአውሮፓ ብቻ ብርቅ ናት። በእ.ኤ.አ. 2016 የታተመ የዘር ጥናት ከሰሜን አሜሪካ፣ ከደቡብ አሜሪካና ከእስያ የተሰበሰቡትን አነጻጽሮ በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በሌላ አነጋገር የዓለም ፓንታላዎች እርስ በርስ የሚጋቡ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ይመስላሉ። ኦክቶፐሱን የለያየው ውቅያኖስ እሷን አላገዳትም።

ደምና ትንፋሽ

ኦክቶፐስ ሦስት ልብ አለው። ሁለቱ ደምን ወደ ስንጥቦቹ ማለትም በውኃ ውስጥ ወደሚተነፍስባቸው አካላት ይገፋሉ፤ ሦስተኛው ለቀረው ሰውነት ያዳርሳል። ደሙ ሰማያዊ ነው። ምክንያቱም ኦክስጅን የሚሸከመው እንደኛ ብረት ባለው ሄሞግሎቢን ሳይሆን መዳብ ባለው ሄሞሲያኒን ነው። ኦክቶፐስ በሚዋኝበት ጊዜ ዋናው ልብ መምታቱን ያቆማል። ስለዚህ ዋና ቶሎ ያደክመዋል፤ በክንዶቹ እየተሳበ መሄድን የሚመርጠውም በዚህ የተነሳ እንደሆነ ይታመናል።

የውኃ ተርብ ደም ደግሞ ኦክስጅን የማጓጓዝ ሥራ የለበትም ማለት ይቻላል። አየር በሰውነቷ ጎንና ጎን ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ እያንዳንዱ ጡንቻ ድረስ ይደርሳል። ይህ አሠራር ለትንሽ አካል እጅግ ቀልጣፋ ነው። ለትልቅ አካል ግን አይመችም፤ አየር በቱቦ ውስጥ ረጅም ርቀት ሲሄድ ይዘገያል። ከ300 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይኖሩ የነበሩት፣ ክንፋቸው ተዘርግቶ 65 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደርስ የነበረው የውኃ ተርብ ጥንታዊ ዘመዶች እንዴት ያን ያህል ሊገዝፉ ቻሉ ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ በዚያን ዘመን በአየር ውስጥ የነበረው ኦክስጅን ከዛሬው የላቀ ነበር የሚል ነው።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱ ባልተጠበቀ ሁኔታ ይገናኛሉ። ኦክቶፐስ ሲደነግጥ በሰውነቱ ከረጢት የያዘውን ውኃ በጠባብ ቱቦ በኃይል ተፍቶ ወደ ኋላ ይወነጨፋል። የውኃ ተርብም ክንፍ ከማውጣቷ በፊት እጭ ሆና በውኃ ውስጥ ስትኖር የምትተነፍሰው በትልቁ አንጀቷ ጫፍ ባሉ ስንጥቦች ነው። አደጋ ሲመጣ በዚያ ያስገባችውን ውኃ በኋላዋ አስፈንጥራ ወደ ፊት ትወረወራለች። የጄት አውሮፕላን የሚበርበትን ሕግ ሁለቱም መሐንዲሶች ከማወቃቸው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት፣ አንዱ ከሌላው ሳይኮርጅ ደርሰውበታል።

ዓይንና ቀለም

የኦክቶፐስ ዓይን ከሰው ዓይን ጋር እጅግ ይመሳሰላል። መስተዋት መሰል ሌንስ አለው፤ ምስሉ የሚያርፍበት ስስ ሽፋንም አለው። እንዲያውም በአንድ ነገር ከእኛ ይሻላል። በሰው ዓይን ውስጥ የነርቭ ገመዱ በሽፋኑ በኩል ቀዶ ስለሚወጣ የማያይ ነጥብ ይፈጥራል፤ በኦክቶፐስ ዓይን ነርቮቹ ከኋላ ስለሆኑ ይህ ጉድለት የለም።

አስገራሚው ግን ሌላ ነው። ቆዳው ላይ ያሉትን በሺዎች የሚቆጠሩ የቀለም ከረጢቶች በጡንቻ እየሳበና እየለቀቀ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድንጋይ፣ አሸዋ ወይም የባሕር አረም የሚመስለው ይህ እንስሳ ቀለም አይለይም። በዓይኑ ውስጥ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሱ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ታዲያ የማያየውን ቀለም እንዴት ይለብሳል? የብርሃኑን ድምቀትና የአካባቢውን ቅርጽ አጥርቶ በማየት እንደሆነ፣ ቆዳውም ራሱ ብርሃን የመለየት አቅም እንዳለው የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። ክርክሩ ገና አልተቋጨም።

የውኃ ተርብ በዚህ ረገድ የኦክቶፐስ ተቃራኒ ናት። የራሷን አብዛኛውን ክፍል የሸፈኑት ሁለት ዓይኖች እያንዳንዳቸው እስከ 30,000 ከሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖች የተገጣጠሙ ሊሆኑ ይችላሉ። በጃፓን ተመራማሪዎች በእ.ኤ.አ. 2015 የታተመ ጥናት 12 የውኃ ተርብ ዝርያዎችን መርምሮ ብርሃንን ለመለየት የሚያገለግሉ ከ15 እስከ 33 የሚደርሱ ጂኖች በየዝርያው አግኝቷል። የሰው ልጅ ቀለም የሚለየው በሦስቱ ብቻ ነው። ቀለም የሚለዋውጠው ቀለም አያይም፤ ቀለም የምታየዋ ደግሞ መለዋወጥ አትችልም።

የውኃ ተርብ ዓይን ግን የሚታለልበት ጊዜ አለ። የውኃን ገጽ የምትለየው ብርሃን ከላዩ ሲያንጸባርቅ በሚይዘው ልዩ አቅጣጫ ነው። የመኪና ቀለምና የሕንፃ መስተዋትም ብርሃንን እንዲሁ ስለሚያንጸባርቁ ውኃ መስሏት እንቁላሏን በቆመ መኪና ላይ የምትጥልበት ጊዜ አለ። ከተማ በሰፋ ቁጥር ይህ ስሕተት ይበዛል።

አእምሮ

የኦክቶፐስ ዝና ያረፈው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ይህ የአይጥ ነርቭ ሕዋሳት ከእጥፍ በላይ ነው። ከእነዚህ ሁለት ሦስተኛው የሚገኙት በራሱ ውስጥ ሳይሆን በስምንቱ ክንዶቹ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ክንድ ይዳስሳል፣ በመጣበቂያዎቹ ይቀምሳል፣ ብዙውንም ውሳኔ ከአእምሮ ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይፈጽማል። ሥልጣኑን ለክፍላተ ሀገር ያከፋፈለ መንግሥት ይመስላል ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ስለ ኦክቶፐስ ብልሃት የተሰጠው ፍርድ ግን ሁልጊዜ አንድ አልነበረም። አሪስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ኦክቶፐስ ቀለሙን እንደሚለውጥ ከመዘገበ በኋላ፣ ሰው እጁን ውኃ ውስጥ ሲያስገባ ወደ እጁ ይቀርባል በሚል ምክንያት ሞኝ ብሎታል። ዛሬ ያው ድርጊት የማወቅ ጉጉት ተብሎ ይተረጎማል። ማስረጃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ዳኛው ነው።

በእ.ኤ.አ. 1872 በተመሠረተው የኔፕልስ የባሕር እንስሳት ምርምር ጣቢያ በዚሁ ዝርያ ላይ ብዙ ሥራ ተሠርቷል። በ1992 በዚያ የሚሠሩ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ኦክቶፐስ የሠለጠነ ጓደኛው ከሁለት ኳሶች አንዱን ሲመርጥ ተመልክቶ ብቻ ያንኑ መምረጥ እንደሚችል አሳይተዋል። ብቻውን የሚኖር፣ እናቱን የማያውቅ እንስሳ ሌላውን አይቶ መማሩ ብዙዎችን አስደንቋል።

የውኃ ተርብ አእምሮ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ለመገመት ያህል የንብ አእምሮ አንድ ሚሊዮን የማይሞሉ ሕዋሳት አሉት፤ የውኃ ተርብም ከዚያ እጅግ በራቀ ደረጃ ላይ አይደለችም። በዚህ ጥቂት መሣሪያ የምትሠራው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። በሙከራ በታዩ የተለያዩ የውኃ ተርብ ዝርያዎች ከተከታተሏቸው ትንኞችና ዝንቦች ከመቶ 90 እስከ 97 የሚሆኑትን ይዘዋል። አንበሳ ከአራት አደን አንዱ ቢሳካለት ደህና እንደዋለ ይቆጠራል። ምስጢሩ ደግሞ የታደነውን ከኋላ አለመከተሏ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ገምታ ወደሚገናኙበት ቦታ ቀድማ ትበራለች። ይህን ስሌት ከዓይን ወደ ክንፍ የሚያስተላልፉት 16 የነርቭ ሕዋሳት ብቻ መሆናቸው በ2013 ታትሟል።

ወፍ እንደ አገሯ ትጮኻለች እንደሚባለው፣ የየአንዳንዱ አእምሮ የተቀረጸው በሚኖርበት ዓለም ልክ ነው። ቆልፎ ከተቀመጠ ዛጎል ሥጋ የሚያወጣ እንስሳ መላ መፈለግ አለበት። በአየር ላይ ትንኝ የሚይዝ እንስሳ መላ ለመፈለግ ጊዜ የለውም።

ልደት፣ ሞትና ጉዞ

ኦክቶፐስ ይህን ሁሉ አእምሮ ይዞ የሚኖረው ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እናቲቱ ከ100,000 እስከ 500,000 የሚደርሱ እንቁላሎችን በዋሻዋ ጣሪያ እንደ ወይን ዘለላ ታንጠለጥላለች። እንደ ውኃው ሙቀት ከአንድ ወር እስከ ጥቂት ወራት ድረስ ውኃ እየነፋችባቸው፣ እያጸዳቻቸውና እየጠበቀቻቸው ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ምግብ አትቀምስም። ልጆቿ ሲፈለፈሉ ትሞታለች። በ1977 የታተመ ጥናት በሌላ የኦክቶፐስ ዝርያ ላይ እንዳሳየው በዓይኖቹ አጠገብ ያለ አንድ ዕጢ ሲወገድ እናቲቱ እንቁላሎቹን ትታ እንደገና መብላት ትጀምራለች፣ ዕድሜዋም ይረዝማል። ሞቷ ከድካም ብቻ የመጣ ሳይሆን ከውስጥ የታዘዘ ነው ማለት ነው።

ልጆቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ይዘው በውኃው ላይ ይንሳፈፋሉ። የዝርያው ቁጥር ሳይጨምር ሳይቀንስ እንዲቆይ ከዚያ ሁሉ ሕፃን በአማካይ ሁለቱ ብቻ ለወግ ማዕረግ መድረስ አለባቸው። ያደገው ኦክቶፐስ ጉድጓዱን መርጦ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ያድናል።

የፓንታላ ታሪክ የችኮላ ታሪክ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው ዝናብ ባቆረው፣ ነገ ሊደርቅ በሚችል ውኃ ነው። ዓሣ ስለሌለበት ለልጆቿ ይሻላል፤ ግን ጊዜ የለም። ብዙ የውኃ ተርብ ዝርያዎች በእጭነት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቆዩ የፓንታላ እጭ ከ38 እስከ 65 ቀናት ባለው ጊዜ አድጋ፣ የወባ ትንኝ እጮችን ሳይቀር እየበላች፣ ክንፍ አውጥታ ትወጣለች። ከዚያ ሌላ ዝናብ ፍለጋ ትሄዳለች።

ይህ ፍለጋ የት እንደሚያደርሳት የታወቀው በማልዲቭስ ይኖር በነበረ ቻርልስ አንደርሰን በተባለ የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያ ነው። በእነዚያ ደሴቶች የውኃ ተርብ ልታድግበት የምትችል የገጸ ምድር ውኃ የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም በየዓመቱ ከጥቅምት ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፓንታላዎች ይመጣሉ። አንደርሰን መምጫቸውን ለዓመታት መዝግቦ በ2009 ባሳተመው ጥናት ከሕንድ ተነስተው፣ ከፍ ብሎ የሚነፍሰውን ነፋስ ተከትለው፣ ሕንድ ውቅያኖስን በማቋረጥ ምሥራቅ አፍሪካ እንደሚገቡ አመለከተ። በመልሱ ደግሞ ልጆቻቸው ወይም የልጅ ልጆቻቸው ከአፍሪካ ወደ ሕንድ ይመለሳሉ። ደርሶ መልሱ ከ14,000 እስከ 18,000 ኪሎ ሜትር ሲሆን አራት ትውልድ ያህል ይወስዳል። በ2012 በክንፎቻቸው ላይ የተደረገ የኬሚካል ምርመራ ማልዲቭስ የደረሱት ከሰሜን ሕንድና ከዚያም ባሻገር ካለ አካባቢ እንደተነሱ ደግፏል። በ2021 የታተመ የነፋስና የጉልበት ስሌትም ጉዞው ከባድ ቢሆንም የሚቻል መሆኑን፣ ነፋሱ ካልረዳ ግን እንደማይቻል አሳይቷል።

ክብደቷ አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ ፍጥረት ናት ይህን የምታደርገው። መንገዱን የተጓዘች አንዲትም እናት ተመልሳ ለልጆቿ አልነገረችም። የሚመራቸው የዝናብ ቀበቶ ነው። ይኸው ቀበቶ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሲመላለስ ለኢትዮጵያ ገበሬም ክረምትን ያመጣል፣ ይወስዳል። ፓንታላ በአገራችንም የምትገኝ በመሆኗ በክረምትና ከክረምት በኋላ በሜዳና በመንገድ ዳር በቡድን የሚያንዣብቡ ቢጫ የውኃ ተርቦች ያየ አንባቢ የዚህን ረጅም ጉዞ ተሳታፊዎች አይቶ ሊሆን ይችላል።

ሕግ ምን ይላል?

የሕግ ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ሕግ ዓለምን የሚከፍለው በሁለት ነው፤ መብት ያለው ሰውና ባለቤት የሚኖረው ነገር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1 የመብት ባለቤትነትን የሚጀምረው ከሰው ልጅ መወለድ ነው። እንስሳት የሚገኙት ራቅ ብሎ፣ ራሳቸው በሚንቀሳቀሱ ግዙፍ ነገሮች ተራ ነው። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአብዛኛው ዓለም ሕግ አቋም ነው። በጥንቱ ሕግም ሁለቱ ፍጥረታት የተገናኙት በአንድ ቦታ ይመስላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ እንስሳም፣ ከአንበጣ ወገን በስተቀር በራሪ ተንቀሳቃሾችንም ከማዕድ ይከለክላል።

አዲሱ አስተሳሰብ በመካከል ሦስተኛ ክፍል ይፈጥራል። ሰው ያልሆነ፣ ግን ሕመም የሚሰማው። የብሪታንያ በሳይንስ ሙከራ የሚውሉ እንስሳት ሕግ በ1993 ሲሻሻል አከርካሪ ከሌላቸው እንስሳት መካከል አንድ ብቻ ጨመረ። እሱም ኦክቶፐስ ቩልጋሪስ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መመሪያ ጥበቃውን ለመላው የኦክቶፐስና የስኩዊድ ወገን አሰፋው። በ2021 የለንደን ኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ምሁራን ከ300 በላይ ጥናቶችን መርምረው ለብሪታንያ መንግሥት ሪፖርት አቀረቡ፤ የ2022ቱ ሕግም ኦክቶፐስን፣ ሸርጣንንና መሰሎቻቸውን ስሜት ካላቸው እንስሳት ተራ አስገባ። በ2024 ደግሞ የዋሽንግተንና የካሊፎርኒያ ክፍለ ግዛቶች ኦክቶፐስን ማርባት ከለከሉ። ለዚህ መነሻ የሆነው አንድ የስፔን ኩባንያ በካናሪ ደሴቶች በዓመት አንድ ሚሊዮን ያህል ኦክቶፐስ ለማርባት ያወጣው ዕቅድ ያስነሳው ዓለም አቀፍ ክርክር ነው። ብቻውን መኖር የሚወድ፣ ተጠጋግተው ከኖሩ እርስ በርሱ የሚበላላን እንስሳ በገንዳ ማጎር ተገቢ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ገና መልስ ይፈልጋል።

ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕጉ ከባሕር የሚጠመደውን ኦክቶፐስ አልነካም። በየዓመቱ በመላው ዓለም በመቶ ሺዎች ቶን የሚቆጠር ኦክቶፐስ ይጠመዳል። አንድን ኦክቶፐስ በቤተ ሙከራ ያለ ማደንዘዣ መቁረጥ ወንጀል በሆነበት አገር፣ በመርከብ ላይ የሚሞትበትን መንገድ የሚገዛ ዝርዝር ደንብ የለም። ሕግ የሚጀምረው ከሚቀለው ነው።

የውኃ ተርብስ? በአንዳንድ አገር ጥበቃ አላት። በጀርመን ሕግ የአገሩ የውኃ ተርቦች በሙሉ ጥበቃ ይደረግላቸዋል፤ የአውሮፓ ኅብረት የ1992 የመኖሪያ አካባቢ መመሪያም የተወሰኑ ዝርያዎችን ዘርዝሯል። ነገር ግን ይህ የዝርያ ጥበቃ ነው። የሚጠበቀው ዘሩ እንዳይጠፋ እንጂ አንዷ የውኃ ተርብ እንዳትሰቃይ አይደለም። ነፍሳት ስሜት አላቸው ወይ የሚለው ጥያቄ ገና በመንገድ ላይ ነው። በሚያዝያ 2024 በኒውዮርክ የወጣው የምሁራን መግለጫ ነፍሳትም የንቃተ ህሊና ተሞክሮ ሊኖራቸው የሚችልበት ዕድል በቁም ነገር ሊታይ ይገባል ብሏል። የብሪታንያው ሕግም ሌሎች አከርካሪ አልባ እንስሳትን ወደፊት በደንብ ለመጨመር የሚያስችል አንቀጽ አለው። በሩ አልተዘጋም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አደገኛው ነገር መለኪያው ራሱ ነው። ኦክቶፐስ ዕውቅና ያገኘው እኛን በመምሰሉ ነው። ዓይኑ ዓይናችንን ይመስላል፣ ጉጉቱ ጉጉታችንን ይመስላል። ፊት የሌላት፣ የማትጫወት፣ የማትማር የምትመስለዋ የውኃ ተርብ ግን ፈተናውን የምትወድቀው ፈተናው በእኛ አምሳል ስለተዘጋጀ ነው። ዳኛው ከራሱ ጋር የሚመሳሰለውን ብቻ የሚያምን ከሆነ ፍርዱ ምንም ያህል ቢያምር ፍትሕ አይባልም። አሪስጣጣሊስ ኦክቶፐስን ሞኝ ያለበትን ምክንያት ማስታወስ ይጠቅማል።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

- መኖሪያ፦ ኦክቶፐስ ከሕይወቱ መጀመሪያ እስከ መጨረሻ ባሕር ውስጥ ነው፤ ፓንታላ በጨው አልባ ውኃ አድጋ በአየር ትኖራለች።
- ዕድሜ፦ ኦክቶፐስ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት፤ ፓንታላ ከእንቁላል እስከ ሞት ጥቂት ወራት።
- ደም፦ የኦክቶፐስ ሰማያዊ፣ ኦክስጅን ተሸካሚ፤ የፓንታላ ኦክስጅን የማይሸከም፣ አየሩ በቱቦ የሚመጣ።
- ዓይን፦ የኦክቶፐስ ባለ አንድ ሌንስ፣ ቀለም የማይለይ፤ የፓንታላ ከሺዎች የተገጣጠመ፣ ቀለም አብዝቶ የሚለይ።
- የአደን ዘዴ፦ ኦክቶፐስ በመሸሸግና በመፈልፈል፤ ፓንታላ በበረራ ላይ ቀድሞ በመድረስ።
- ጉዞ፦ ኦክቶፐስ በጉድጓዱ ዙሪያ፤ ፓንታላ ውቅያኖስ ተሻግራ፣ በትውልድ ቅብብል።
- በሕግ፦ ኦክቶፐስ በግለሰብ እንስሳነቱ ጥበቃ አግኝቷል፤ የውኃ ተርብ በዝርያነቷ፣ ያውም በጥቂት አገሮች።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱንም ዝርያዎች ለጊዜው አሳሳቢ አደጋ ላይ ካልወደቁት መድቧቸዋል። ኦክቶፐስ እንዲያውም በ2025 ውኃው በሞቀበት በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ጠረፍ ከወትሮው እጅግ በዝቶ የሸርጣን አጥማጆችን አስጨንቋል። ይህ ግን ለዘመዶቻቸው አይሠራም። ይኸው ኅብረት በታኅሣሥ 2021 የዓለምን የውኃ ተርብ ወገን በሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ገምግሞ ከ6,016 ዝርያዎች 16 በመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አስታውቋል። ዋናው ምክንያት የረግረግ ቦታዎችና የወንዞች መጥፋትና መበከል ነው።

ኢትዮጵያ ባሕር የላትምና የኦክቶፐስ ሕግ አያሳስባት ይሆናል። የውኃ ተርብ ጉዳይ ግን በቀጥታ ይመለከታታል። በደጋ ጅረቶቻችን ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኙ የውኃ ተርብ ዝርያዎች አሉ። እነዚህ እንደ ፓንታላ ውቅያኖስ አቋርጠው ሌላ ዝናብ መፈለግ አይችሉም። የሚኖሩበት ምንጭ ሲደርቅ፣ ዳሩ ሲታረስ፣ ከላዩ የፋብሪካ ፍሳሽ ሲለቀቅበት አብረው ያልቃሉ። በአንድ ወቅት እስከ መድረቅ የደረሰውን የሐረማያ ሐይቅን ወይም አዲስ አበባን አቋርጠው የሚያልፉትን ወንዞች ሁኔታ ያየ ሰው ነገሩ ከሩቅ የመጣ አለመሆኑን ይረዳል። ውኃው ለተርቧ ካልተስማማ ለሚጠጣው ከብትና ለሚጠጣው ሰውም አልተስማማም ማለት ነው።

ስለዚህ ሁለቱ እንስሳት የሚጠይቁት ሕግ ሁለት ዓይነት ነው። ኦክቶፐስ የሚጠይቀው እጃችን ላይ ሲወድቅ እንዳናሰቃየው ነው። የውኃ ተርብ የምትጠይቀው ደግሞ ኩሬዋን እንድንተውላት ነው። የመጀመሪያው ርኅራኄን ይፈልጋል፤ በአንድ አንቀጽም ሊጻፍ ይችላል። ሁለተኛው የመሬት አጠቃቀም ደንብን፣ የፍሳሽ ቁጥጥርን፣ ደንቡን የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤትና ክስ የሚመሠርት ዐቃቤ ሕግን ይፈልጋል። ሕግ አውጪዎች የቱ እንደሚቀላቸው ከላይ አይተናል። የሚከብደውን መጠየቅ የዜጎች ድርሻ ነው።